ስለ ጣርማ በር ዋሻና ስለ ተማሪዎች ጉብኝት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ የደጋውን ሜዳ ጨርሶ ከገደሉ አፋፍ ሲደርስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተራራውን በስቶ ይገባል፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠውንም ጨለማ ተሻግሮ በወዲያኛው አፍ ብቅ ሲል፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ከተማ ይወርዳል። ይህ የጣርማ በር ዋሻ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ አዲስ አበባን ከአሥመራ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ የተፈለፈለ ሲሆን፣ ያስፈለፈሉት ሹማምንት ሥፍራውን በመሪያቸው በሙሶሊኒ ስም ሰይመውት ነበር። እነሆ ወራሪው ከሄደ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቢሆንም፣ ስሙ ከመንገደኛው አፍ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከስሙም ጋር አንድ ጥያቄ አብሮ ኖሯል፤ ይኸውም ጠላት የሠራውን ሥራ ልጆቻችንን ወስደን እናሳያቸው ዘንድ ይገባናልን? ብናሳያቸውስ የማን ሥራ ነው ብለን እንንገራቸው? የሚል ነው።

በዚህ ጥያቄ ላይ የሚነሡት ሁለቱ ወገኖች የሚናገሩት ሁለቱም ከልብ ነው። አንደኛው ወገን፣ መንገድና ድልድይ ቆጥሮ ለወራሪ ምስጋና ማቅረብ በመርዝ ጢስ ያለቁትንና በየአደባባዩ የተሰቀሉትን ሰማዕታት መካድ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ የተሠራው ሁሉ በእኛ ምድርና በእኛ ድንጋይ ላይ የተሠራ፣ ከነጻነት ወዲህም በእኛ ገንዘብ የተጠበቀ ስለ ሆነ የእኛ ንብረት ነው፤ ስለዚህ እንደ ማናቸውም የምሕንድስና ሥራ ያለ ሐፍረት ይጎብኝ ሲል ይመልሳል። የእኔ አሳብ ሁለቱም አንድ ነገር ይጎድላቸዋል የሚል ነው። የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን አንዱን ንባብ አንድም፣ አንድም እያሉ በየምስጢሩ ሲፈቱት፣ ፊተኛውን ትርጓሜ ለኋለኛው ሲሉ አያፈርሱትም፤ ሁሉንም ጎን ለጎን አቁመው ደቀ መዝሙሩ እንዲመዝን ያደርጋሉ እንጂ። ዋሻውም እንዲሁ መነበብ ያለበት ይመስለኛል።

አንድም፣ ዋሻው የምድር መጽሐፍ ነው። የተበሳው ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንትም በኢትዮጵያ ደጋዎች ላይ ለሚገኝ አንድ ትልቅ የእሳተ ገሞራ አለት ስም ያወጡለት ከዚሁ ከጣርማ በር ነው። የደብረ ሲና ልጅ በየቀኑ የሚያየው ገደል በዓለም የሥነ ምድር ጽሑፎች ውስጥ በስሙ እንደሚጠራ ቢያውቅ፣ ለትምህርቱ የሚኖረው ፍቅር በእጥፍ የሚጨምር ይመስለኛል። ከዚያው አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ የሚወርደው የዝናብ ውኃ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ፣ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ግን ወደ አዋሽ እንደሚሄድ መምህሩ ቢያመለክተው፣ በካርታ ላይ ስንት ጊዜ ቢያየውም ያልገባው ነገር በአንድ ቅጽበት ይገለጥለታል።

አንድም፣ ዋሻው የግፍ ምስክር ነው። መንገዱ የተቀየሰው ጦርንና ስንቅን በፍጥነት ለማመላለስ፣ የተያዘውንም አገር አጥብቆ ለመግዛት ነበር፤ በሥራውም ላይ የኢጣልያ ሠራተኞችና የአገሩ ተወላጆች ተሰልፈው ሳለ፣ ደመወዙም ክብሩም በዘር የተለያየ ነበር። የሰሜን ሸዋ ሰው ደግሞ በዚያን ጊዜ መንገድ በመሥራት ብቻ አልነበረም፤ ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ ተራሮች ለጠላት ዕረፍት ነሥተው አምስቱን ዓመት ተዋግተዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በመንዝ ምድር ዘረት በተባለው ስፍራ በአንድ የተፈጥሮ ዋሻ የተሸሸጉትን የአርበኞች ወገኖች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ በመርዝ ጢስና በጥይት ፈጅቷቸዋል፤ የስፍራውን ምስጢር ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለው ኢጣልያዊ የታሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም እስኪገልጠው ድረስም ከአካባቢው ሕዝብ በቀር ያስታወሰው ጥቂት ነበር። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ፣ በአንድ መንግሥት ትእዛዝ አንዱ ዋሻ ሲከፈት ሌላው መቃብር ሆነ። የጣርማ በርን ዋሻ ለተማሪ አሳይቶ የዘረትን ዋሻ ሳይነግር የሚመለስ መምህር ግማሽ ታሪክ አስተምሮ ተመልሷል፤ እኔ በዚህ ላይ ምንም ጥርጥር የለኝም።

አንድም፣ ዋሻው ከነጻነት በኋላ የኖረ የእኛ ሕይወት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ወሎና ወደ ትግራይ እህል፣ ነዳጅ፣ ሰውና ደብዳቤ የተመላለሰበት በር ይህ ነው፤ ይህን ጎዳና በየዘመኑ የጠገኑት፣ ጭነት ይዘው የወጡበትና የወረዱበት፣ ከግርጌውም በደብረ ሲና ቆሎ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ጎረቤታችን ኤርትራ የአሥመራን ከተማ፣ ብዙው ሕንፃዋ በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ባስመዘገበች ጊዜ፣ ቅርስነቱን ለገዢው አልሰጠችም፤ ከተማዋን የአፍሪካ ከተማ ብላ ነው ያቀረበቻት። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1779 የተሠራውን የአይረንብሪጅን የብረት ድልድይና በዙሪያው ያሉትን የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ጠብቀው የትምህርት ስፍራ ሲያደርጓቸው፣ የሠራተኛውንም ድካም አብረው ያስተምራሉ። በእኛም አገር የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚተረጉመው ሰፋ አድርጎ በመሆኑ፣ የሳይንስና የታሪክ ዋጋ ያለው የእጅ ሥራ ከቤተ መቅደስና ከቤተ መንግሥት ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። የጎደለው የሚመስለኝ ሕግ ሳይሆን ልማድ ነው፤ ቅርስ ሲባል ልባችን ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር ብቻ ይበርራልና።

በጣርማ በር ላይ ብቻ የሚቆም ጉብኝት ግን ጎደሎ ነው፤ ምክንያቱም የሥራ ታሪክ በሰሜን ሸዋ ከወራሪው አልጀመረም። በመንዝ ደጋ የበጉን ጠጉር ሸልቶ፣ አባዝቶ፣ ፈትሎና ሸምኖ ባናና ዝተት ማውጣት፣ ለብርድም በርኖስ መልበስ ከጥንት የኖረ ጥበብ ነው። በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያንኑ በቤት ውስጥ በእንዝርትና በሸማኔ ጉድጓድ ይሠራ የነበረውን ሥራ በማሽን ተክቶ፣ ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆኗል። ተማሪው አስቀድሞ በመንደሩ አያቱ ስትፈትል አይቶ፣ ኋላ በፋብሪካው ጠጉሩ ሲታጠብ፣ ሲበጠርና ክር ሲሆን ቢያይ፣ መምህሩ ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት የሚነግረው ነገር ሁሉ ከማንችስተር ተነሥቶ እዚሁ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። አንኮበርም ቅርብ ነው፤ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ምኒልክ የመጣው በዚያ በኩል ነበር። ዳሩ ግን የውጭውን መሐንዲስ ስናነሣ የአገሩ የእጅ ባለሙያ ነገር አብሮ መነገር አለበት፤ የአገራችን ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ፋቂ በገዛ ወገኑ ተንቆ የኖረ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ፋብሪካን መጎብኘት ለልጁ ማሽን ማሳየት ብቻ ሳይሆን፣ ይህን ያረጀ ንቀት ከልቡ መንቀልም ይመስለኛል።

የጉብኝት ትምህርት ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚል ቢኖር፣ የቆሎ ተማሪውን ያስታውስ፤ ኮሮጆውን ተሸክሞ ዜማውን ከአንዱ ደብር፣ ቅኔውን ከሌላው፣ መጻሕፍቱንም ከሦስተኛው ሲፈልግ በእግሩ አገር ያቋርጥ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ የነበረው፣ አገርን በወረቀት ብቻ ማወቅ አይበቃም ከሚል አሳብ ነበር።

ለዝግጅቱ የሚያስፈልገውን ደግሞ በግልጥ መናገር ይገባል። ጣርማ በር የመኪና መንገድ እንጂ ሙዚየም አይደለም፤ ከባድ የጭነት መኪና የሚመላለስበት፣ ጨለማና ጠባብ ስለ ሆነ፣ ተማሪዎችን በእግር አሰልፎ ውስጡን ማሻገር ፈጽሞ አይገባም። የሚሻለው ከመንገዱ ርቆ ከሚገኝ ሜዳ ላይ ሆኖ የዋሻውን አፍ ማየት፣ ማስረዳቱንም በዚያው ማድረግ፣ ስለ ትራፊኩም አስቀድሞ ከወረዳው ፖሊስ ጋር መስማማት ነው። ክረምት ሲሆን ጉሙ ሦስት እርምጃ አያሳይም፤ ስለዚህ ወራቱ በጋ ይሁን፣ ሰዓቱም ከረፋድ በኋላ ይሁን፤ ከፍታው ብርዳም በመሆኑ ልጆቹ ወፍራም ልብስ ይያዙ። ለፋብሪካው በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት፣ ከማሽኖቹ አጠገብ በትንንሽ ቡድን መግባት፣ የተንጠለጠለ ነጠላና ሻሽ አውልቆ መግባት ግድ ነው። የመጓጓዣውን ወጪ የወላጅና የመምህር ኅብረቱ አስቀድሞ ተነጋግሮበት፣ ከፍሎ መላክ የማይችል ወላጅ ልጅ በዚህ ምክንያት እንዳይቀር ማድረግ አለበት፤ ደኅና ቤት ያላቸውን ልጆች ብቻ ይዞ የሚሄድ ጉብኝት ክፍሉን ለሁለት ይከፍላል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገዱም በየጊዜው የማያስተማምን ሆኗል። ሰላም በሌለበት ልጅ ይዞ መጓዝ ድፍረት እንጂ ትምህርት አይደለም፤ ቢሆንም በቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ አለ። በ1928 ዓ.ም. ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት አልፎታል፤ ከእነዚህ ሽማግሌዎችና ከልጆቻቸው ዘንድ ዋሻው ሲፈለፈል ማን ምን ተሸከመ፣ ምን ተከፈለው፣ ማን ወደ ዱር ገባ፣ ማን ከዱር አልተመለሰም የሚለውን ጠይቆ በደብተር መጻፍ፣ በፋብሪካውም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሠሩትን እናቶችና አባቶች ቃል መመዝገብ፣ የታሪክ ክበቡ በትምህርት ቤቱ ግቢ ሆኖ ዛሬውኑ ሊጀምረው የሚችል ነው። መንገዱ ሲከፈትና ጉዞው ሲደርስ ተማሪዎቹ ባዶ እጃቸውን ሳይሆን የሚጠይቁትን ይዘው ይወጣሉ፤ የሰበሰቡት ቃልም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ለሚቀጥለው ክፍል ይቀመጣል።