የኔልሰን ዕውር ዓይን

የማይመቸውን ነገር ላለመስማት የፈለገ ሰው በእኛ ዘንድ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ይባላል፤ እንግሊዞች ደግሞ ማየት ያልፈለገውን ሰው «ዕውር ዓይኑን አዞረ» ይሉታል፤ ነገሩ ከየት እንደ መጣ ቢጠየቁም ያለ ማመንታት የባሕር ኃይላቸውን ጀግና፣ ኔልሰንን ይጠራሉ።

ኔልሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1794 ዓ.ም. በኮርሲካ ደሴት ካልቪ የተባለችውን ከተማ ለመያዝ ሲዋጋ፣ የመድፍ ጥይት የበተነው ጠጠርና አሸዋ ፊቱን መትቶት ቀኝ ዓይኑ ማየት ተሳነው። ብሌኑ ግን በስፍራው ስለ ነበረ ለተመልካች ደኅና ይመስል ነበር፤ በሲኒማ የምናየው ጥቁር የዓይን መሸፈኛ የኋላ ሰዎች ፈጠራ ነው።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ አፕሪል 2 ቀን 1801፣ በኮፐንሃገን ፊት ከዴንማርክ መርከቦች ጋር ውጊያው በጋመ ጊዜ፣ ከእንግሊዝ መርከቦች ሦስቱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ተቀርቅረው ሳሉ፣ ከሩቅ ሆኖ ይመለከት የነበረው የበላይ አዛዥ አድሚራል ፓርከር ሰግቶ ቍጥር 39 የተባለውን፣ ትርጓሜውም «ውጊያውን አቁሙ» የሆነውን የባንዲራ ምልክት አሰቀለ። «ኤሌፋንት» በተባለው መርከብ ላይ የነበረው ኔልሰን ይህ በተነገረው ጊዜ፣ አብሮት የነበረው ኮሎኔል ስቱዋርት እንደ መሰከረው፣ አስቀድሞ የጠየቀው የራሱ ምልክት ቍጥር 16፣ ማለት «ቀርባችሁ ተዋጉ» የሚለው፣ ከተሰቀለበት አለመውረዱን ነበር። ቀጥሎም ወደ መርከቡ አዛዥ ወደ ፎሊ ዘወር ብሎ፣ ባለ አንድ ዓይን ሰው አልፎ አልፎ ዕውር የመሆን መብት እንዳለው ከተናገረ በኋላ፣ መነጽሩን በዕውሩ ዓይኑ ላይ ደግኖ ምልክቱ ከቶ እንደማይታየው አስታወቀ።

እውነቱን ለመናገር አነጋገሩ ከኔልሰን በፊትም በጽሑፍ ይገኛል፤ ዝናን ያተረፈለት ግን ይህ ታሪክ ነው። ዛሬ የሚነገረው በደልን እያየ በዝምታ ለሚያልፍ ሹም በመሆኑ፣ በእኔ አስተያየት ኔልሰንን ይበድለዋል፤ እርሱ ያላየው በመኰንኖቹ ፊት፣ ኀላፊነቱን በራሱ ላይ አድርጎ ነውና።

በድሉም ምክንያት ማዕረጉ ከፍ አለ፤ ፓርከር ተጠርቶ ወደ አገሩ ሲመለስ አዛዥነቱን የወረሰ እርሱ ነበር። ያንኑ ምልክት በደኅና ዓይኑ አይቶ የታዘዘው የ«አማዞን» መርከብ አዛዥ ካፒቴን ሪዩ ግን፣ መርከቡን መልሶ ሲያፈገፍግ የዴንማርክ መድፍ መትቶ ገደለው። የኔልሰን መቃብርና የሪዩ መታሰቢያ ሐውልት ዛሬ በለንደን፣ በአንዱ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ውስጥ ይገኛሉ።