የሁለት አገር ኑሮ በምን ይመዘናል?



በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ 1 ቀን የጾመ ፍልሰታ መግቢያና የቅዱስ ራጉኤል ወርኃዊ በዓል እንደ ልማዱ በአንድ ቀን ዋሉ። በመርካቶ ራጉኤል ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲሰናበት፣ በቅመማ ቅመም ንግድ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አንዲት እናት ከቅጽሩ በር አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። የመጨረሻ ልጃቸው ቀድሞ ተማሪዬ ነበር፤ በዚያ ዓመትም የአሜሪካ ዲቪ ደርሶታል።

«መምህር፣ ለጉዞው ወጪ የሱቄን ቁልፍ ልሸጥለት ነው። እውነት የዚያ አገር ኑሮ ከዚህ ይሻላል?» አሉኝ።

ልጁስ መልሱን አስቀድሞ አስልቶታል። በዋሽንግተን ከተማ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ከዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ጀምሮ 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሆኖ ነበር፤ በ8 ሰዓት ቢባዛ በቀን 140 ዶላር ነው። አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ሲመነዘር ይህ ገንዘብ ወደ 8 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ግን ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፤ ነሐሴ ሳያልቅም ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፤ ያው 140 ዶላር ከ14 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ልጁ በዚያ አገር አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራ ደመወዙ አደገለት ማለት ነው። ዳሩ ግን የቪዛው ክፍያ 330 ዶላር መሆኑን ዘንግቶት ነበር። ይህም ከ19 ሺህ ብር ወደ 33 ሺህና ከዚያ በላይ ወጣ።

በዚህ ስሌት ከሄድን፣ በእነዚያ ሳምንታት የእኛ ኑሮ በግማሽ ያህል ወረደ ማለታችን ነው። ነገር ግን በራጉኤል ዙሪያ እንጀራ የምትሸጠው ሴት ምንዛሪው በተለወጠ ማግሥት ዋጋዋን እጥፍ አላደረገችም። (ከውጭ የሚመጣው ዘይት ነገሩ ሌላ ነው፤ እርሱ ዶላርን ሲከተል አይዘገይም።) ስለዚህም ሊቃውንቱ ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ ተመሳሳይ ዕቃ በየአገሩ ስንት እንደሚሸጥ እየጠየቁ የገንዘብን የመግዛት ዐቅም ያነጻጽራሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 ለአንድ ሰው የሚደርሰው ዓመታዊ ገቢ በምንዛሪ ሲታይ የአሜሪካው ከእኛው ከ60 እጥፍ በላይ ነበር፤ በመግዛት ዐቅም ሲመዘን ግን ከ30 እጥፍ በታች ይሆናል።

ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም። «ድኾች ብንሆንም ኑሯችን ከእነርሱ ይሻላል» የሚለውን አነጋገር ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ ለ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ግምት፣ ከ100 ሺህ ሕያዋን ልደቶች በኢትዮጵያ 267 እናቶች ሲሞቱ በአሜሪካ 21 ነበሩ። በ1990 (እ.ኤ.አ.) ከ50 ዓመት በታች የነበረው አማካይ ዕድሜያችን በ2023 ወደ 67 መድረሱ ደስ ያሰኛል፤ የእነርሱ ግን 79 ያህል ነበር። የ12 ዓመት ልዩነት ማለት ሕፃን ተወልዶ ስድስተኛ ክፍል እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቲቱ ከነገርኋቸው በኋላ፣ ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ የዚያን አገር ወጪ ጻፍሁላቸው። ከ140ው ዶላር ላይ ግብር ይቆረጣል፤ ከተረፈው የቤት ኪራይና የመጓጓዣ ይከፈላል። ሕመም ቢመጣ መድን የሌለው ሰው ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) 26 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የጤና መድን አልነበራቸውም። የወለደች ሠራተኛም በፌዴራሉ ሕግ የሚፈቀድላት 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ነው፤ የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ሕጉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሚደርሰው አሠሪ ላላት ሴት ነው። በመርካቶ ሸክም ተሸክማ የምትውል ነፍሰ ጡር አዋጁን ለማን ታሳያለች?

እናቲቱ በጸጥታ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «እዚያ ሰው ሲሞትበት ስንት ቀን ይቀመጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሐዘንተኛ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ እንደሌለ፣ ፈቃዱ በአሠሪው እንደሚወሰን፣ ያም ሆኖ የአገራችን ሰዎች በዋሽንግተን አካባቢ ቤተ ክርስቲያን አንጸው፣ እድር አቋቁመው እንደሚረዳዱ ነገርኋቸው።

«እንግዲያውስ፣ መምህር፣ የመመለሻውን ትኬት ዋጋ እዚያው ወረቀት ላይ ይጨምሩልኝ» አሉ። ጨመርሁላቸው።

የሱቁን ቁልፍ አልሸጡም፤ የእቁብ ማኅበርተኞቻቸው ተስማምተው ዕጣውን አስቀደሙላቸው። ልጁም በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ሄደ፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተጋርቶ እንደሚኖርና ሌሊት እንደሚሠራ ለእናቱ በስልክ ነግሯቸዋል። እርሳቸው ለትኬቱ ብለው ሌላ እቁብ ገብተዋል።