በቦይ መዝጊያ የሚያልፈውን ውኃ ስለ መስፈር

በወረታ ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ ይበዛበታል፤ ጉማራና ርብ ከደጋ ወርደው ወደ ጣና ሲገቡ ከዳርቻቸው ወጥተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ሩዙም በዚሁ ይበቅላል። በበጋ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሽንኩርትና ቲማቲም የተከለ ሁሉ ዓይኑ በቦዩ ላይ ነው፤ የውኃ አባትም ተራ ሲያወጣ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቈጥሮ ይሰጣል። ሰዓቱ እኩል ስለ ሆነም ውኃው እኩል የተካፈለ ይመስላል። ዳሩ ግን እንዲህ አይደለም።

መዝጊያ ማለት ቦዩን የሚዘጋ ሳንቃ ወይም ብረት ነው፤ ከፍ ሲደረግ ውኃው ከሥሩ ይወጣል። በዚያ ቀዳዳ በአንድ ሰከንድ ምን ያህል ውኃ እንደሚያልፍ ለማወቅ የቀዳዳው ስፋትና የውኃው ፍጥነት ሊታወቁ ይገባል። ስፋቱን ማንም ይለካዋል። ፍጥነቱ ግን የሚመጣው ከቀዳዳው በላይ ቆሞ ከሚጫነው ውኃ ነው። ይህንንም ቶሪቸሊ የሚባል የኢጣልያ ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1644 ዓ.ም. በመጽሐፍ አስታወቀ፤ ይኸውም ከቀዳዳ የሚወጣ ውኃ ከዚያው ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ሲደርስ በሚኖረው ፍጥነት ይሮጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፥ ከቀዳዳው መካከል እስከ ውኃው ገጽ ያለውን ከፍታ በሜትር ለካ። በራሱ ሲባዛ ያንን ከፍታ የሚሰጠውን ቍጥር ፈልገህ በ4.43 አባዛው፤ ፍጥነቱ ይወጣል። ፍጥነቱን በቀዳዳው ስፋት አባዛ፤ ከተገኘውም ከመቶ 60 ያህሉን ብቻ ያዝ። ውኃው በጠርዙ ሲታጠፍ ይጠባልና ቀዳዳውን ሞልቶ አይወጣም። ይህን የመጨረሻውን ነገር አዋቂዎችም እንኳ ይዘነጉታል።

የቀዳዳው ወርድ 20 ሳንቲሜትር፥ ቁመቱ 10 ሳንቲሜትር ቢሆን ስፋቱ 0.02 ካሬ ሜትር ነው። ጧት ቦዩ ሞልቶ ከበላዩ 80 ሳንቲሜትር ውኃ ቢኖር ፍጥነቱ በሰከንድ 3.96 ሜትር፥ የሚያልፈውም ውኃ በሰከንድ 47.5 ሊትር ይሆናል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል በ4 ሰከንድ ገደማ ይሞላል ማለት ነው። ማታ ቦዩ ጐድሎ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ቢቀርስ? ከፍታው ሩብ ሆኗልና ውኃውም ሩብ ይሆናል የሚል ይኖራል። አይደለም፤ ግማሽ ይሆናል፥ 23.8 ሊትር። የጧቱ ገበሬ በአንድ ሰዓት 171 ሜትር ኩብ ሲያገኝ የማታው 86 ያህል ያገኛል። ስለዚህ ተበደልሁ ቢል ክርክር ወዳድ ነው ተብሎ ሊገሠጽ አይገባውም፤ ሁለት ሰዓት ይገባዋል። ሳንቃውን በእጥፍ ከፍ ማድረግም አይበቃውም፤ የቀዳዳው መካከል አብሮ ከፍ ሲል ከበላዩ ያለው ውኃ ይቀንሳልና።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ከቀዳዳው የወጣው ውኃ በነጻ ሲወርድ ነው። በታች በኩል ያለው ውኃ ቀዳዳውን የሸፈነው እንደ ሆነ የላይኛውና የታችኛው ውኃ የከፍታ ልዩነት ብቻ ይያዛል። እንደ ፎገራ ባለ ዝርግ አገር ይህ ሊረሳ አይገባም።

በቧንቧና በፋብሪካ ባለው የብረት መዝጊያም ሥርዓቱ አንድ ነው፤ በከፍታው ፈንታ ከመዝጊያው በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ይገባል፥ ከመቶ 60 ባልነውም ፈንታ ሠሪው ፈትኖ የሚሰጠው ቍጥር አለ። በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ የታቀደ ነው፤ እንዲህ ባለ ግድብ በመስከረም ሞልቶ ሳለ የሚበቃው የመዝጊያ አከፋፈት፥ ውኃው በጐደለበት በግንቦት አይበቃም።

ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ቦይ ካለ፥ መምህሩ በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት ያለበት ዘንግ ከመዝጊያው በላይ በኩል ይትከል፤ ቍጥሩም ከቀዳዳው መካከል ይጀምር። ተማሪዎች ጧትና ማታ ከፍታውን እየጻፉ ሒሳቡን ሠርተው ለውኃ አባት ያሳዩት።