የዶሮ ላባ ዓሣን እንዴት ያታልላል?

የገና ዋዜማ ነው እንበል። ታኅሣሥ ሲያልቅ የእንጦጦ ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ደጅ ያደረ ባልዲ ውስጥ እጅ መክተት ድፍረት ይጠይቃል። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርቱ ይቁላላል፤ አጠገቡ ለዶሮው ውሃ ይፈላል። ዶሮው ይነከራል፣ ይነጫል፤ ላባው ፌስታል ውስጥ ገብቶ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል።

ዛሬ ግን ፌስታሉን ቶሎ አትቋጥሩት። ባሕር ማዶ ለአንድ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ከ50 ዶላር በላይ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ። ሥጋውን አይፈልጉትም። በላባው ዓሣ ያጠምዱበታል።

«ዓሣ ደግሞ ላባ ይበላል እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። አይበላም፤ ይታለላል እንጂ። እንዴት እንደሚታለል ለማየት ከጓዳ መውጣት አያስፈልግም። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ መርፌ፣ ቁራጭ ሶፍት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ጥቂት ላባ ይበቃናል።

ብርድ የሚወደው ዓሣ

የሚታለለው ዓሣ ትራውት ይባላል። በየምግብ ቤቱ የምናገኘው ቆሮሶ ሞቅ ያለ ሐይቅ ሲወድ፣ ትራውት ቀዝቃዛና ንጹሕ የተራራ ወንዝ ይወዳል። ብርዱን እንጦጦም ይሰጠው ነበር፤ ንጽሕናውን ግን ቀበናና ቀጨኔ ወደ ከተማው ሲወርዱ ያጡታል። ስለዚህ እዚህ አትፈልጉት።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ባሌ ተራሮች ላይ ግን አለ። ለአገራችን እንግዳ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በፊት ከኬንያ አምጥተው በዲንሾ አካባቢ ወንዞች ውስጥ ለቀቁት። ከመኖሪያዎቹ አንዱ ዌብ ወንዝ ነው፤ ያው ወደ ታች ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የሚያቋርጠው። የእንጦጦ ጫፍና ዲንሾ ሁለቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ የአንዱን ብርድ የለመደ በሌላው አይገረምም።

ዓሣው ለምን ብርድ ወደደ? መልሱን አምቦ ውሃ ያውቀዋል። ከፍሪጅ የወጣውን ስትከፍቱ ረጋ ብሎ ይቀዳል፤ ፀሐይ ላይ የዋለውን ስትከፍቱ ገንፍሎ እጃችሁን ያጥባል። ቀዝቃዛ ውሃ ጋዝ አቅፎ ይይዛል፤ ሲሞቅ ይለቀዋል። ዓሣ የሚተነፍሰው ኦክስጅንም ውሃ ውስጥ የሟሟ ጋዝ ነው።

በቁጥር እንየው። በባሕር ወለል ከፍታ፣ 30 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሊትር ውሃ 7.5 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 10 ዲግሪ ሲሆን 11 ሚሊግራም ያህል። ተራራ ላይ ደግሞ አየሩ ይሳሳል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ የውሃው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። እንጦጦ ላይ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግፊቱ ስላነሰ ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላና ከዚያ ወዲያ አይሞቅም። ለዓሣው ግን ብርዱ ጉድለቱን ይሞላለታል።

ሞክሩት፦ ማታ ከቧንቧ የቀዳችሁትን ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ አድርጋችሁ ሞቅ ያለ ጓዳ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ከብርጭቆው ግድግዳ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ተለጥፈው ታገኛላችሁ። ውሃው ሲሞቅ አልይዝም ብሎ የለቀቀው አየር ነው።

አሁን ወደ ላባው

ከክንፍ አንድ ትልቅ ላባ አንሡ። ጠርዙን በጣታችሁ ወደ ኋላ ስትስቡት ይሰነጠቃል፤ የተበላሸ ይመስላል። አሁን ስንጥቁን በሁለት ጣት ይዛችሁ ከሥር ወደ ጫፍ አንዴ ሳብ አድርጉት። ተገጠመ! ከመሃሉ ዘንግ ግራና ቀኝ የሚወጡት ክሮች በዓይን የማይታዩ መንጠቆዎች አሏቸው፤ እንደ ዚፕ ይያያዛሉ። ዶሮ በመንቁሯ ራሷን ስታበጥር የምትውለው ዚፗን እየዘጋች ነው።

አሁን ከአውራው አንገት ዙሪያ ከሚያብረቀርቁት ረጃጅም ላባዎች አንዱን ተመልከቱ። ይህ ዚፕ የለውም ማለት ይቻላል፤ ክሮቹ የተለያዩ፣ ቀጥ ያሉና ጠንካራ ናቸው። ከንፈራችሁ ላይ ብታስነኩት ይወጋል። የሴቷ የአንገት ላባ ግን ልስልስ ነው፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይተኛል።

ዓሣ አጥማጁ የአውራውን ላባ በትንሽ መንጠቆ ዙሪያ ይጠመጥመዋል። ክሮቹ እንደ ጃርት እሾህ ዙሪያውን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። መንጠቆው ብረት ቢሆንም ውሃ ላይ ሲቀመጥ በእነዚያ እሾሆች ጫፍ ቆሞ ይንሳፈፋል። ከታች ሆኖ ሽቅብ ለሚያየው ዓሣ፣ ስድስት እግሯን ዘርግታ ውሃ ላይ ያረፈች ዝንብ ይመስላል።

ብረት እንዴት ይንሳፈፋል ካላችሁ፣ ብርጭቆ ውሃ ላይ ቁራጭ ሶፍት አስቀምጡና መርፌዋን በላዩ አጋድሟት። ሶፍቱ ርሶ ይሰምጣል፤ መርፌዋ ትቀራለች። ልብ ብላችሁ ብታዩ ውሃው ከሥሯ ጎድጎድ ብሏል፤ ልክ እንደ ተወጠረ ቆዳ። አሁን አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጣል አድርጉ። መርፌዋ ወዲያው ትወርዳለች፤ ሳሙናው የውሃውን ቆዳ አላላው። ወንዝ ዳር ውሃ ላይ የሚሮጡት ነፍሳት የሚቆሙት በዚሁ ቆዳ ላይ ነው።

ዘዴው አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት ኤሊያን የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ መንጋጋ ሥር የሚበቅሉ ሁለት ላባዎች አስረው ዓሣ እንደሚያጠምዱ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1922 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ የተሠራችውና «አዳምስ» የምትባለው ዝነኛ ሰው ሠራሽ ዝንብ ደግሞ ሁለት ዓይነት የአውራ ዶሮ ላባ ይዛለች፤ አንዱ ቀላ ያለ፣ አንዱ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ። እኛ ገበያ ላይ «ቀዩን ነው ገብስማውን?» ብለን የምንከራከርባቸው ዓይነቶች ማለት ነው።

ላባ እንዴት ይወረወራል?

ደጅ ውጡና ላባውን ባላችሁ ኃይል ወርውሩት። እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ታዲያ አጥማጁ ወንዝ አሻግሮ እንዴት ያደርሰዋል?

ይህን የቡሄ ልጆች ያውቁታል። ጅራፍ ከእጀታው በኩል ወፍራም ነው፤ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ልጁ ክንዱን ሲያወናጭፍ ጉልበቱ በገመዱ ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል። ገመዱ በቀጠነ ቁጥር ያው ጉልበት ለትንሽ ክብደት ይደርሳል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ጫፉ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ የሆነውን የድምፅ ፍጥነት ያልፋል። ያ የምትሰሙት «ጯ!» የዚያ ድምፅ ነው።

የአጥማጁ ክርም እንደዚያው ወደ ጫፉ ይቀጥናል። በሌላው የማጥመድ ዘዴ ክሩ ላይ የሚታሰር የእርሳስ ክብደት ክሩን ጎትቶ ይወስዳል፤ እዚህ ግን ክሩ ራሱ ክብደት ሆኖ ላባውን ይሸከማል። ልዩነቱ አጥማጁ ክሩ እንዲጮህ አይፈልግም፤ ከጮኸ የላባው ዝንብ ተበጥሶ ይሄዳል። ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጉ፤ ላባውን ሦስት ሜትር ገመድ ጫፍ ላይ አስራችሁ ወደ ኋላ አንዴ፣ ገመዱ እስኪዘረጋ ጠብቃችሁ ወደ ፊት አንዴ አወናጭፉ። ቅድም እግራችሁ ሥር የወደቀው ላባ የት እንደሚደርስ እዩ። ምስጢሩ መጠበቁ ላይ ነው።

ብርድ ሲጠና

ሊጥ የሚያቦካ ሰው ይህን ክፍል ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። እንጦጦ ላይ በብርድ ወራት ሊጡ ይዘገያል፤ በብርድ ልብስ የሚጠቀልሉትም አሉ። እርሾው አልሞተም፤ ሥራው ቀዘቀዘ እንጂ። አብዛኛው ዓሣም የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሰውነቱ ከውሃው ጋር እኩል ይሞቃል፣ እኩል ይቀዘቅዛል። ትራውት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ውሃ ቀልጣፋ ነው፤ ከ5 ዲግሪ በታች ሲሆን ምግብ ቶሎ አይፈጭለትም፣ ጉልበቱንም ይቆጥባል። ትንሿን ዝንብ አባሮ መያዝ ኪሳራ ነው፤ የሚያገኘው ከሚያወጣው ያንሳል።

ስለዚህ ወንዙ በኃይል ከሚወርድበት ይርቅና ጥልቁ ቦታ ከወለሉ አጠገብ ይተኛል። እዚያ ውሃው ከድንጋዩ ጋር እየተፋተገ ስለሚያልፍ ዝግ ይላል። ምግቡም እዚያው ነው፤ ብዙዎቹ የወንዝ ነፍሳት አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ክንፍ ሳያወጡ በእጭነት ከድንጋይ ሥር ያሳልፋሉና።

አሁን የአውራው ተንሳፋፊ ላባ ምን ይሠራል? ከዓሣው ራስ በላይ ያልፋል፤ ዓሣውም ቀና አይልለትም። ያ ውሃ የሚጠጣው፣ የሚሰምጠው፣ ልስልስ ያልነው የሴቷ ላባ ነው ተራው። መንጠቆው ላይ ሲጠመጠም ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ክሮቹ በዝግታው ውሃ እንደ እጭ እግር ይላወሳሉ። አጥማጁም ጎሕ ሲቀድ አይነሣም። ውርጩ ረግፎ ፀሐይ ውሃውን አንድ ሁለት ዲግሪ እስክታሞቀው፣ እስከ እኩለ ቀን ይጠብቃል። ከዚያ በዝግታ፣ አፍንጫው ድረስ ያደርስለታል።

ባሌ ወርዳችሁ ልትሞክሩ ካሰባችሁ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። እዚሁ ለምትቆዩ ደግሞ አንድ አደራ፦ ለገና ዶሮው የፈላ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከአንገቱ ሁለት ላባ ንቀሉ። ጎረቤት ሴት ዶሮ ያረደ ካለ ከእሷም ሁለት ለምኑ። ጎን ለጎን አስቀምጧቸውና ለልጆቹ አሳዩአቸው። መንጠቆ ላይ ሲጠመጠም የሚንሳፈፈው የአውራው ነው። ለብርድ ቀን ግን የሴቷ ይሻላል።