ያውቁ ኖሯል? ድምፃቸው አንድ፣ ፍቺያቸው ሌላ

በእንግሊዝኛ «ሁለት» እና «ወደ» እኩል «ቱ» ተብለው መነበባቸው ለሰው ሕይወት መጥፋት አንዱ ምክንያት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1989 ከሲንጋፖር የተነሣ አንድ የፍላይንግ ታይገር የጭነት ቦይንግ 747 ኩዋላላምፑር ሊያርፍ ሲቃረብ፣ የበረራ ተቆጣጣሪው «ዲሴንድ ቱ ፎር ዜሮ ዜሮ» አለ። ወደ 2400 ጫማ ውረዱ ማለቱ ነበር። አብራሪዎቹ ግን «ቱ»ን «ወደ» ብለው ወሰዷትና 400 ጫማን ያዙ። የማስጠንቀቂያ መሣሪያው ቢጮኽም መውረዳቸውን አላቆሙም፤ አውሮፕላኑ ኮረብታ ላይ ተከሰከሰ፣ የተሳፈሩት 4 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። በዓለም አቀፉ የበረራ አነጋገር ደንብ ይህ ከፍታ መጠራት ያለበት «ቱ ታውዘንድ ፎር ሀንድረድ» ተብሎ ነው።

«ብሬክ» የመኪና ፍሬንም ነው፣ መስበርም ነው። «ኢ» የምትባለው ፊደል መጨረሻ ላይ ከመጣች ፍሬን ነው።

ዱቄትና አበባ ሁለቱም «ፍላወር» ናቸው፤ ጥንት አንድ ቃል ነበሩና። እህሉ ተፈጭቶ ሲነፋ የሚወጣው ምርጡ ክፍል የእህሉ «አበባ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1755 የወጣው የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት እንኳ በፊደል አልለያቸውም።

ሌሊትና የመካከለኛው ዘመን ፈረሰኛ ጦረኛ ዛሬ «ናይት» ናቸው። ድሮ ግን የፈረሰኛው ፊተኛ ፊደል «ኬ» በደንብ ይሰማ ነበር፤ በሁለቱም ውስጥ ያለው «ጂ ኤች» ደግሞ ለእኛ «ኽ» የሚቀርብ ድምፅ ነበረው። ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያ ከተከለ ወዲህ አጻጻፉ እየረጋ ሄደ፣ አንደበቱ ግን መለወጡን አላቆመም። «የማይነበብ ፊደል ለምን ይጻፋል?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ ይህን ታሪክ መንገር እንዲሸመድድ ከማስገደድ እጅግ ይሻላል።

እኛ «ኮሎኔል» የምንለውን ማዕረግ እንግሊዞች «ከርነል» ይሉታል፤ ልክ ቅርፊት ውስጥ እንዳለው የለውዝ ፍሬ። አጻጻፉ የጣሊያንን፣ አነባበቡ የድሮውን የፈረንሳይ «ኮሮኔል» ይዞ ቀረ።

«ስቴሽነሪ» በ«ኢ» ሲጻፍ የጽሕፈት መሣሪያ፣ በ«ኤ» ሲጻፍ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ማለት ነው። ዝምድናቸው የቅርብ ነው፦ ስሙ እየዞረ ከሚቸረችረው ነጋዴ ለተለየ፣ ቋሚ ቦታ ለነበረው መጽሐፍ ሻጭ የተሰጠ ነበር።

«የትኛው» እና «ጠንቋይ» ለንደን ላይ ሁለቱም «ዊች» ናቸው። በስኮትላንድ ግን ብዙዎች «የትኛው» ሲሉ ፊቱ ላይ ትንፋሽ ያስገቡበታል።

«መርከብ» እና «በግ» ለእንግሊዝ ጆሮ ፈጽሞ አይገናኙም፤ የመርከቡ አጭርና ላላ ያለ፣ የበጉ ረዘም ያለ ነው። አማርኛ አናባቢን በርዝመት ስለማይለይ ለብዙዎቻችን ሁለቱም «ሺፕ» ሆነው ይቀራሉ። እንግሊዛዊው በበኩሉ «አለ» ሲላላ መናገር፣ ሲጠብቅ መኖር መሆኑን በጆሮው ለመለየት ብዙ ይለፋል።