«በለዲ» እንቁላል ወደ ካርቱም፦ ከመጫናችሁ በፊት

ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምዕራብ ያለው ዐማራት ከጦርነቱ በፊት የኤምባሲዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የሆቴሎች ሰፈር ነበር። የእንዲህ ያለ ሰፈር ደንበኛ የእንቁላሉን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዶሮዋን አኗኗርም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ከተቀሰቀሰው ጦርነት ወዲህ በከተማዋ ዙሪያ የነበሩ ትላልቅ የዶሮ እርባታዎች ክፉኛ ተጎድተዋል። ስለዚህ ከብትና በግ የሚያመላልስ ነጋዴ ከገጠር የሚሰበሰበውን በለዲ፣ በእኛ አነጋገር የሐበሻ እንቁላል፣ አብሮ ለመጫን ቢያስብ አይገርምም። ሆኖም የሚሸጠውን ዕቃ በትክክል ያላወቀ በመንገድ ላይ ይከስራል።

አራቱ የአረባብ ዓይነቶች

የአውሮፓ ኅብረት በእንቁላሉ ቅርፊት ላይ በሚታተም ቁጥር ይለያቸዋል፤ 3 በኬጅ፣ 2 ከኬጅ ውጭ በቤት ውስጥ፣ 1 በመስክ፣ 0 ኦርጋኒክ ማለት ነው። ከኬጅ ውጭ ማለት ዶሮዋ ጉዝጓዝ በተነጠፈበት ቤት እንደ ልቧ ትንቀሳቀሳለች ማለት እንጂ ሜዳ ትወጣለች ማለት አይደለም። የመስክ ለመባል ለአንድ ዶሮ ቢያንስ 4 ካሬ ሜትር ሜዳ ያስፈልጋል። ኦርጋኒክ ለመባል ደግሞ መኖው ጭምር በኦርጋኒክ መንገድ የተመረተ መሆን አለበት፤ ይህንንም የሚመረምርና የሚያረጋግጥ አካል ያስፈልጋል።

ለቃቅማ የምታድረው የገጠር ዶሮ በአኗኗሯ ለመስክ ትቀርባለች። ምስክር ወረቀት ስለሌላት ግን እንቁላሏን «ኦርጋኒክ» ብሎ መሸጥ ደንበኛን ማታለል ነው። የአስኳሉ ቀለምም ማስረጃ አይሆንም። የሱዳን መኖ በአብዛኛው ማሽላ በመሆኑ የእርባታ እንቁላል አስኳል ይነጣል፤ ነገር ግን ቢጫ በቆሎ ወይም ማቅለሚያ የተጨመረበት መኖ የኬጅ ዶሮንም አስኳል ያደምቀዋል።

ሒሳቡ

የገጠር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ በሳምንት አንድ ያህል ማለት ነው። 100 ትሪ፣ ማለትም 3,000 እንቁላል በአንድ ሳምንት ለመሰብሰብ፣ እያንዳንዱ ቤት አምስት ዶሮ ቢኖረው እንኳ 600 ቤት መዞር ግድ ይላል፤ ያውም ባለቤቶቹ አንድም ካልበሉና ካላስታቀፉ ነው። ጥቂት ቤት ብቻ የሚዞር ሰብሳቢ ሳምንታት የቆየውን ከትኩሱ ቀላቅሎ ያመጣል።

ክብደቱንም አስቡ። የሐበሻ እንቁላል 40 ግራም፣ የእርባታው 60 ግራም ያህል ነው። 3,000ው በበለዲ 120 ኪሎ፣ በእርባታው 180 ኪሎ ይመዝናል። በቁጥር ከሸጣችሁ ሊያዋጣችሁ ይችላል፤ ገዢው በኪሎ ካሰበው ግን ሲሶው ጎደለ።

ትልቁ አደጋ፦ አውራ ዶሮ

በእርባታ ያለች እንቁላል ጣይ ከአውራ ጋር ስለማትውል እንቁላሏ ጫጩት አይሆንም። የገጠሯ ግን አውራ አብሯት ይውላል። የዳበረ እንቁላል ሙቀቱ ከ27 ዲግሪ ሲያልፍ ሳይታቀፉትም ውስጡ ማደግ ሊጀምር ይችላል። በግንቦትና በሰኔ የካርቱም ቀን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከገዳሪፍ ካርቱም ያለው መንገድ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሸራ ታፍኖ ቀን የተጓዘ በለዲ ደም ሥር አውጥቶ ይደርሳል፤ ደንበኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን አንዴ ከሰበረ ተመልሶ አይመጣም።

ምን ይደረግ?

ሰብሳቢው በእያንዳንዱ ትሪ ላይ የተሰበሰበበትን ቀንና መንደር ይጻፍ። ስትረከቡ ከየትሪው ጥቂት አንሥታችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱ፤ ትኩሱ ከሥር ይተኛል፣ የቆየው ይቆማል፣ የተበላሸው ይንሳፈፋል። የቀረውን በጨለማ ቤት በባትሪ ብርሃን እዩት፤ ቀይ ክር የመሰለ ነገር ካያችሁ አትጫኑት። እንቁላሉን አትጠቡ፤ የቅርፊቱ መከላከያ ሽፋን ይለቅና ጀርም ይገባል። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ደርድሩ፤ ጉዞውም በሌሊት ይሁን።

ድንበር የሚሻገር ከሆነ የእንስሳት ጤና ማረጋገጫ ሳትይዙ አትነሡ። ልቅ የምትውል ዶሮ ከዱር አእዋፍ ጋር ትገናኛለች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወፍ ጉንፋን በካርቱምና በገዚራ መገኘቱም አይዘነጋም። ለበለዲ ተጨማሪ ዋጋ የምትጠይቁ ከሆነ፣ ቀኑ፣ መንደሩና ማረጋገጫው ለዋጋው ምክንያት ይሆኑላችኋል።