ስለ ባትሪ ዕድሜና ስለ አጠባበቁ

የቤት ዕቃ ሁሉ ዕድሜው እንደ አያያዙ ነው። ዛሬ በአባትና በእናት፥ በልጆችም እጅ የሚገኘው የእጅ ቴሌፎን ግን ከሌላው ዕቃ የሚለይበት ጠባይ አለው፤ በውስጡ ያለው ባትሪ ከተሠራበት ቀን ዠምሮ እያረጀ ይሄዳል። በሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት ሐኪም ለመጥራት ሲፈለግ ቴሌፎኑ ጠፍቶ ቢገኝ፥ ወይም ባትሪው አብጦ እሳት ቢያስነሣ፥ ጕዳቱ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይተርፋል። ስለዚህ የባትሪን ጠባይ ማወቅ ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም።

ኀይሉ ሲያልቅ ዳግመኛ የሚሞላ ባትሪ አስቀድሞ የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው፤ ጊዜውም በአውሮፓ አቈጣጠር 1859 ዓመት ነበረ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የእርሱ ዐይነት የእርሳስ ባትሪ እስከ ዛሬ በመኪና ውስጥ ይገኛል። በእጅ ቴሌፎንና በፓወር ባንክ ውስጥ የሚገባው ግን ሊቲየም አዮን የሚባለው ነው፤ ይህንም የሶኒ ኩባንያ በ1991 ለገበያ አቀረበው።

ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ የሊቲየም ቅንጣቶች ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን ይሻገራሉ፤ ሲሠራበትም ይመለሳሉ። እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ይላሉ ማለት ነው። በተመላለሱ ቍጥር ግን ጥቂቶቹ ተይዘው ይቀራሉ፤ የቀሩትም ዳግመኛ ለሥራ አይውሉም። ባትሪን ከሚያስረጁት ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው።

ቴሌፎኑ «50 በመቶ» ብሎ የሚያሳየው ቍጥር ግምት ነው እንጂ ተሰፍሮ የተገኘ አይደለም። የጎተራ ጠባቂ የገባውንና የወጣውን እህል በመዝገብ እየጻፈ የቀረውን እንደሚያሰላ፥ በቴሌፎኑ ውስጥ ያለው መቈጣጠሪያም የገባውንና የወጣውን ኤሌክትሪክ ይቈጥራል፤ ቮልቱንም ይመለከታል። ባትሪው ሲሞላ ቮልቱ 4.2 ያህል ነው፤ ሊያልቅ ሲል ወደ 3 ይወርዳል። ባትሪው ሲያረጅ ግን መዝገቡና ጎተራው ይለያያሉ። 20 በመቶ ቀረኝ ያለ ቴሌፎን ድንገት የሚጠፋውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሁለት ቍጥሮችን ለይቶ ማወቅ ይገባል። አንደኛው የዛሬው ሙላት ነው። ሁለተኛው የባትሪው ጤንነት ነው፤ ይህም አዲስ ሳለ ከሚይዘው ኀይል ዛሬ ምን ያህሉን ሊይዝ እንደሚችል ያስታውቃል። ጎተራው ራሱ ከጠበበ፥ «ሞልቷል» ማለት እንደ ቀድሞው ብዙ እህል አለ ማለት አይደለም። የአፕል ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀባቸውን ቴሌፎኖች ፍጥነት መቀነሱን በ2017 መጨረሻ ካመነ በኋላ፥ በ2018 ይህ ሁለተኛው ቍጥር በአይፎን ላይ እንዲታይ አደረገ። ቴሌፎኑ ዘገምተኛ የሆነበት ሰው አዲስ ለመግዛት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን ቍጥር ይመልከት፤ ባትሪውን ብቻ መለወጥ ይበቃ ይሆናልና።

የባትሪ ዕድሜ በዙር ይቈጠራል። ዛሬ 50፥ ነገም 50 በመቶ ቢወጣ ሁለቱ ተደምረው አንድ ዙር ይባላሉ። ይኸው ኩባንያ እንዳስታወቀው፥ አይፎን 14ና ከእርሱ በፊት የነበሩት ከ500 ዙር በኋላ፥ አይፎን 15 ደግሞ ከ1000 ዙር በኋላ፥ በመልካም አያያዝ 80 በመቶ ዐቅማቸው እንዲቀር ሆነው ተሠርተዋል።

አጠባበቁ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ የባትሪ ዋና ጠላት ሙቀት ነውና ቴሌፎን በፀሓይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም በምድጃ አጠገብ አይቀመጥ።

ሁለተኛ፥ ዘወትር እስኪጠፋ ድረስ አይሠራበት፤ 100 በመቶ ሞልቶም ለረዥም ሰዓት በቻርጀር ላይ አይቈይ። ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ቢውል ይበረታል። አዲስ ባትሪ አስቀድሞ ፈጽሞ ባዶ ይሁን የሚለው ልማድ ከቀድሞው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ የመጣ ነው፤ ለሊቲየም አይስማማም።

ሦስተኛ፥ ለብዙ ጊዜ የማይሠራበት ዕቃ ግማሽ ያህል ተሞልቶ በቀዝቃዛና ደረቅ ስፍራ ይቀመጥ።

አራተኛ፥ የተላጠ ገመድና የማይስማማ ቻርጀር ይወገድ።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው እብጠት ነው። የቴሌፎኑ ጀርባ ተነሥቶ ወይም መስተዋቱ ተላቆ ቢታይ ባትሪው አብጧል ማለት ነውና አይጫኑት፥ አይውጉት፥ ቻርጅም አያድርጉት፤ ከሚቀጣጠል ነገር አርቀው ለባለሙያ ያሳዩት። የሳምሱንግ ኩባንያ በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ቴሌፎን ባትሪው እየተቃጠለ ስላስቸገረ ከገዢዎች ሰብስቦ ሥራውን አቁሟል። መንገደኛም በአውሮፕላን ሲሄድ ፓወር ባንክ በእጁ እንዲይዝ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳያስገባ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የቤት አባወራና እመቤት በወር አንድ ቀን የቤተ ሰቡን ቴሌፎኖች ጤንነት ይመርምሩ፤ ልጆችም ቴሌፎን በትራስ ሥር አድርገው ቻርጅ እያደረጉ እንዳይተኙ ያስተምሩ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።